ትምህርቴን ላቋርጥ ወይ?
(በለንደን በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ ነርስ ነኝ፤ ስለ ኮምፒውተር የምናገረው ባለሙያ ሆኜ አይደለም። ለትምህርት ኮሚቴው የመጣ አንድ ደብዳቤ እጄ ላይ ስለ ወደቀ ነው። የጻፈችው የከተማችን ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ናት። «ጓደኞቼ የስድስት ወር ኮርስ ወስደሽ ሥራ ታገኛለሽ ይሉኛል፤ ትምህርቴን ላቋርጥ ወይ?» ትላለች።

በእኔ ሙያ ይህ አያጠያይቅም። እኔ ዲግሪዬን እዚሁ ሌሊት ሌሊት እየሠራሁ የጨረስኩት፣ በነርሶች መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ነርስ ሆኖ መሥራት ስለማይችል ነው። ፕሮግራመር ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለበትም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ኮምፒውተር ሲቆልፍ ታስታውሳላችሁ። ስርጭቱን የገታው ማርከስ ሃቺንስ የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ ሙያውን በራሱ ነው የተማረው። (ቀደም ሲል ራሱ ጎጂ ፕሮግራም በመጻፉ አሜሪካ ውስጥ መከሰሱን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል።) ግን ልብ በሉ፤ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ቤቱ ኮምፒውተር ነበረው። የእኛ ልጅ በጓደኛዋ ላፕቶፕ ተራ ጠብቃ ነው የምትለማመደው።

የራሴ ልጅ ጥያቄ ሌላ ነው። እዚህ ከ2015 ጀምሮ እየሠሩ ዲግሪ የሚያገኙበት መንገድ አለ፤ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ የትምህርት ክፍያ የለበትም። በመደበኛው ለሚገባ እ.ኤ.አ. በ2025/26 የትምህርት ዘመን ክፍያው በዓመት እስከ 9,535 ፓውንድ ነበር። ስለዚህ ለእሱ ሥራውንም ሞክር አልኩት።

ለእሷ ግን አታቋርጪ ብዬ ጻፍኩላት። አገር ቤት የሥራ ማስታወቂያ በአብዛኛው ዲግሪ ይጠይቃል፤ ውጭ አገር ማስተርስ ለመማርም የመጀመሪያው ዲግሪ ያስፈልጋታል። አጭር ኮርሱ አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ያስለምዳል፤ ካምፓሱ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ፣ ኔትወርኩና ዳታቤዙ እንዴት እንደሚሠሩ ያስተምራል። ቋንቋው ሲቀየር ያ አብሯት ይቆያል። ኮርሱንም ቢሆን ሳታቋርጥ ልትወስደው ትችላለች፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል።

ግን ደግሞ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። አንድም የራሱን ፕሮግራም ሳይሠራ የተመረቀ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ያሳያል? ለመሥራት ደግሞ ኮምፒውተር ይፈልጋል። እስከ ዛሬ ለተማሪዎቻችን የኪስ ገንዘብ ልከናል እንጂ አንድ ላፕቶፕ ልከን አናውቅም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ለዘንድሮው እራት ከያዝነው ገንዘብ ግማሹ ለአራት ተማሪዎች ላፕቶፕና የኢንተርኔት ካርድ መግዣ ይዋል። እራቱን ሽሮ እናድርገው፤ እኔ ራሴ እሠራለሁ። ገንዘብ ያዣችን ፈገግ ብለዋል፣ እንደ ስምምነት እቆጥረዋለሁ።