ማሽኑ የማያውቀው ተጋጣሚ



የዛሬው ዲስኩሬ ጭብጥ አጭር ነው። ባክጋመን በሚባለው የዳይስና የጠጠር ጨዋታ ከሰው ጋር ስንገጥም የኮምፒውተር ማሽኑ ትክክል ከሚለው ፈቀቅ ማለት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ፈቀቅ ማለት የሚያምርበት ግን ትክክለኛውን አስቀድሞ ያወቀ ነው።

ማሽን በዚህ ሰሌዳ ላይ ስሙን ያስጠራው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የሐንስ በርሊነር ፕሮግራም በሞንቴ ካርሎ የዓለም ሻምፒዮኑን ሉዊጂ ቪላን 7 ለ 1 ረታ። በርሊነር ራሱ ግን ዳይሱ ለፕሮግራሙ እንዳደላ አልሸሸገም። እውነተኛው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የአይቢኤሙ ጄራልድ ቴሳውሮ ከራሱ ጋር እየተጫወተ የሚማረውን ፕሮግራም፣ ቲዲ ጋመንን፣ ሲሠራ ነው። ያኔ ብዙ ሊቃውንት በመክፈቻው 4 እና 1 ሲወጣላቸው አንድ ጠጠር አምስተኛው ቤት ላይ ብቻዋን ያጋልጡ ነበር። ከ36ቱ የዳይስ ውጤቶች 15ቱ ያችን ጠጠር ያስመታሉ። ቲዲ ጋመን ከዚህ ይልቅ ከኋላ ካሉት ሁለት ጠጠሮች አንዱን አንድ ቤት ማራመድን መረጠ፤ ሊቃውንቱም ተከተሉት።

ይሁንና የማሽን ስሌት፣ ከዚህ በኋላ ሁለቱም ወገኖች እንደ እሱ ይጫወታሉ ከሚል ግምት ይነሣል። ከፊታችን የሚቀመጠው ሰው ግን አንዳንዴ ልቡ ይከዳዋል፣ አንዳንዴም እልህ ይይዘዋል።

ይህ ጎልቶ የሚታየው እጥፍ በመጠየቅ፣ ማለትም የጨዋታው ነጥብ እጥፍ እንዲሆን በመጠየቅ ላይ ነው። እጥፍ የተጠየቀ ሰው ወይ በ2 ነጥብ ይቀጥላል፣ ወይ 1 ነጥብ ከፍሎ ይለቃል። ጨዋታው በመጨረሻው ውርወራ የሚወሰን ከሆነ፣ መቀበል የሚያዋጣው ከ25 በመቶ በላይ የማሸነፍ ዕድል ላለው ነው። የእኔ ዕድል 70 በመቶ ነው እንበል። በ10 ጨዋታ ተጋጣሚዬ ሁሌ ቢቀበል 8 ነጥብ አተርፋለሁ፤ ፈርቶ ሁሌ ቢለቅ 10። ዕድሌ 80 በመቶ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ መልቀቅ የሞት ያህል የሚከብደው ደፋር 12 ይከፍለኛል፣ አስተዋዩ ግን ለቆ በ10 ይገላገላል። እንግዲህ ፈሪውን ቀደም ብሎ መጠየቅ፣ ደፋሩን ደግሞ ብልጫው እስኪሰፋ መታገሥ ያዋጣል።

አሜሪካዊው ኪት ዉልሲ ያወጣው ደንብም ወደዚሁ ያመራል፦ ተጋጣሚህ መቀበል እንዳለበት ወይም መልቀቅ እንዳለበት እርግጠኛ ካልሆንክ እጥፍ ጠይቅ። አንተን ያጠራጠረህ እሱንም ያጠራጥረዋል፤ የተጠራጠረም ይሳሳታል።

በጠጠር አካሄድም ሁለት አማራጮች በማሽኑ ዘንድ ሊተካከሉ ምንም ካልቀራቸው፣ ለጀማሪ የተወሳሰበውን፣ ለሊቅ ቀለል ያለውን መምረጥ ተገቢ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን የማሽኑን ምክር መጣስ ብልሃት ሳይሆን ኪሳራ ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፦ ቤታችሁ ስታጠኑ ማሽኑን ጠይቁ፤ ሰሌዳው ፊት ስትቀመጡ ደግሞ ሰውየውን አጥኑ።