ኤንዛይሙን ማየት ለምን አስፈለገ?

(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ በደማችን ውስጥ የሚራባው ለዲኤንኤው ኑክሊዮታይድ እየሠራ ነው። ለዚህም ዲኤችኤፍአር-ቲኤስ የሚባል ሁለት ሥራ ያጣመረ ኤንዛይም አለው። ፒሪሜታሚን የተባለው መድኃኒት በኤንዛይሙ ጎድጓዳ ስፍራ ገብቶ ሥራውን ያስቆማል። ነገር ግን ውሎ አድሮ ኃይሉ ደከመ። በአገራችንም ፒሪሜታሚን ያለበት ፋንሲዳር እ.ኤ.አ. በ1998 የክሎሮኪንን ቦታ ቢይዝ፣ በ2004 እርሱም በኮአርተም ተተካ።

ምክንያቱ ምን ይሆን? በ2003 የታይላንዱ ሊቅ ዮንግዩት ዩታቮንግና ባልደረቦቻቸው ኤንዛይሙን ዲዩኤምፒ ከተባለው ኑክሊዮታይድ ጋር እንደ ተያያዘ ክሪስታል አድርገው በኤክስሬይ መረመሩት። መድኃኒቱን በተላመደው ተውሳክ ውስጥ 108ኛው አሚኖ አሲድ ከሴሪን ወደ አስፓራጂን ተለውጧል። አስፓራጂን ገዘፍ ስለሚል ከመድኃኒቱ ክሎሪን ያዘል ጎን ጋር ይጋጫል። ደብልዩአር99210 የተባለው ውሁድ ግን ተጣጣፊ ስለሆነ ግጭቱን ሸሽቶ ይገባል። እንግዲህ አዲስ መድኃኒት በጭፍን መፈለጉ ቀርቶ በልክ መስፋት ተቻለ ማለት ነው።

ጓደኞቼ፣ ይህን ሥራ የመሩት ወባ የሚያጠቃት አገር ልጅ ናቸው። ወባ የእኛም ጠላት ነው። ታዲያ ኬሚስትሪን ለፈተና ብቻ ካጠናን፣ የእኛን በሽታ ማን ይመርምርልን?