የከሪም አብዱልጀባር ሃያ ዓመት



ከቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ሴንተር ሲገፋና ሲገፈተር ይውላልና ጉልበቱ ቶሎ ይከዳዋል። ከሪም ግን ከ1969 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. በሚልዋኪና በሎስ አንጀለስ 20 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 38,387 ነጥብ አስቆጠረ። ገና ተማሪ ሳለ በ1967 ኳስን ዘሎ ቅርጫት ውስጥ መክተት በኮሌጆች ጨዋታ ተከለከለ፤ ብዙዎች እሱን ለመግታት ነው አሉ፤ እኛም እንጠረጥራለን። እሱ ግን ኳስን ጎኑን ሰጥቶ በአንድ እጅ ከራሱ በላይ መወርወሩን አጠነከረ።

በ1985 በፍጻሜው የመጀመሪያ ግጥሚያ ቦስተን 148 ለ114 ሲረታቸው፣ የ38 ዓመቱ ከሪም 12 ነጥብ ብቻ አገባ። አረጀ ተባለ። በሁለተኛው ግጥሚያ 30 ነጥብ አግብቶ 17 ተመላሽ ኳስ ያዘ፤ ሎስ አንጀለስም ዋንጫውን 4 ለ2 ወሰደ።