«ሸሂድ» የሚለውን ቃል ማን ይተርጉምልን?



በወሊድ ለሞተች እህታችን ለቅሶ ስንደርስ «አላህ ከሸሂዶች ይመድባት» እንላለን። ውሃ የወሰደው፣ ግንብ የተደረመሰበት፣ በወረርሽኝ ያለፈው ሁሉ ሸሂድ መሆኑን ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ተምረናል። ቃሉ የለቅሶ ቤት ቃል ነው፤ ዛቻ አድርገን አናውቀውም።

የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ ግን በአደገኛነት ለመዘገበው ሰው «ሸሂድ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ዜናም ይሁን ትችት፣ እንደ ውዳሴ ቆጥሮ ያነሳው ነበር። የራሱ ተቆጣጣሪ ቦርድ በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ክልከላው ከመጠን ያለፈ ነው አለ። ከየትኛውም ቃልና ሐረግ በላይ ጽሑፍ ያስነሳው ይኸው ቃል መሆኑን ድርጅቱ ራሱ አምኗል። ደንቡን ለማሻሻል የተስማማው ከወራት በኋላ ነው።

በግንቦት 2021 ደግሞ የአል-አቅሷ ስም ያለበት ሃሽታግ ኢንስታግራም ላይ ታገደ። ምክንያቱ? የመስጂዱ ስም በአሜሪካ መዝገብ ካለ የታጣቂ ቡድን ስም ጋር ስለተመሳሰለ! ስህተት ነው አሉን። ድርጅቱ ያስጠናውና በ2022 የወጣው ጥናትም አድልዎው ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም ይላል። ይሁን። ግን ያው ጥናት አረብኛ ጽሑፍ ያለ አግባብ በብዛት ይነሳ እንደነበር፣ የጥላቻ ንግግር የሚለየው ማሽንም ለአረብኛ ሲኖር ለዕብራይስጥ እንዳልነበረ ይነግረናል። ስህተቱ ለምን ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነብላል?

በጥቅምት 2023 አንዳንድ ፍልስጤማውያን ስለራሳቸው በጻፉት ላይ «አልሐምዱሊላህ» ቢሉ፣ የኢንስታግራም ተርጓሚ «አሸባሪዎች» የሚል ቃል ጨመረበት። ይቅርታ ተጠየቀ። ማሽን የሚማረው ሰው ከጻፈው ነው፤ ስለ እኛ ሲጻፍ የኖረውን እናውቃለን።

የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. አወሊያ ላይ የተነሳው ሰላማዊ ጥያቄያችን የመንግሥት ሚዲያ ሲያጠለሸው ድምፁን ያሰማው በፌስቡክ ጭምር ነው። ያኔ «አክራሪ» ያለን መንግሥት ነበር፤ ቢያንስ ፊቱን እናውቀዋለን። ዛሬ መዝገቡን የሚጽፈውን አናየውም። እንዲያውም አንዳንዶቻችን ማሽኑን ፈርተን «ሸሂድ»ን በነጥብ ቆራርጠን መጻፍ ጀምረናል። የዲናችንን ቃል በገዛ እጃችን!

የምንጠይቀው ቃላችንን የሚመዝነው ቋንቋችንንና ሃይማኖታችንን የሚያውቅ ሰው እንዲሆን፣ ጽሑፍ ሲነሳም ምክንያቱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በግልጽ እንዲነገረን ነው። እስከዚያው ጽሑፋችሁ ቢነሳ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ስክሪንሹት አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ይግባኝ በሉ። ቃሉንም ሳትቆርጡ ጻፉት።