ወደ ምዕራብ ያልደረሰው ሐዲድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ክበብ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው በዓል የመረጥነው ርእስ ስለ ተተዉ የባቡር መስመሮች ነው ባልን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ሣቁብን። «በኡካ ሐዲድ መቼ ነበረና ነው የሚተወው?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ በአገራችን በኢሉባቦር የባቡር ፉጨት ተሰምቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ነገሩን እየመረመርን ስንሄድ፥ ወደዚህ አቅጣጫ የሚመጣ ባቡር በወረቀት ላይ ተጽፎ እንደ ነበረ፥ ቡናችንም ሐዲድ ፍለጋ እስከ ሱዳን ድረስ ይጓዝ እንደ ነበረ ተረዳን።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚወስድ ነበር። ይህ ሦስተኛው መስመር ቢሠራ ኖሮ ከኛ እጅግ ርቆ አያልፍም ነበር ብለን እናስባለን።

የሆነው ግን ሌላ ነው። የሐረር ዳገት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሐዲዱ ያችን ጥንታዊት ከተማ ትቶ በቆላው በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ከደረሰበት ሥፍራም ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። የሐረር ነጋዴ ዕቃውን ለመጫን ወደ ድሬዳዋ መውረድ ግድ ሆነበት። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከዚያ ያለው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ሐዲዱ ለገሃር ላይ አበቃ። ሦስተኛው ክፍል በወረቀት ላይ ቀረ።

ሁለተኛው ወረቀት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈረመው ውል ነው። በዚህ ውል ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ፥ በወንዙ ላይ ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ እንዲከራይ ፈቀዱ። ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ የሚቆይ ነበር። ከዚህም ሌላ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ የሚፈቅድ ቃል በውሉ ውስጥ አለ። ይህም ባቡር አልተሠራም። የንግዱ ጣቢያ ግን ከኢታንግ ከፍ ብሎ በጋምቤላ ተመሠረተ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ለኛ ዋናው ነገር ይህ ነውና። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው፥ በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ውኃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የተሰበሰበው ቡና የሚጫነው በእነዚያ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። መርከቦቹን በኋላ ዘመን ያስተዳድር የነበረው የሱዳን የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ነው። ቡናውም ካርቱም ሲደርስ በባቡር ተጭኖ ወደ ፖርት ሱዳን ይወርዳል። እንግዲህ የኢሉባቦር ቡና ከኢሉባቦር ሰው በፊት ባቡር ተሳፍሯል ማለት ነው!

በዚህ ንግድ ምክንያት ጎሬ ታላቅ ከተማ ሆነች። የአቢሲኒያ ባንክ እንኳ በጎሬ ቅርንጫፍ፥ በጋምቤላ ወኪል ነበረው። ዛሬ ጎሬን የሚያይ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል።

ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር፥ ጋምቤላ ደግሞ ወደ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሐዲድ ያልተዘረጋው በዚህ ቁልቁለት ምክንያት ነው የሚል አለ። እኛ ግን ይህን ምክንያት ሙሉ በሙሉ አልተቀበልነውም። ከምጽዋ የተነሣው ባቡር በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2300 ሜትር በላይ ወጥቶ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ገብቷልና። የጎደለው ዳገቱን የሚችል መሐንዲስ ሳይሆን ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ይመስለናል።

ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃነቷን ባገኘች ጊዜ ውሉ አበቃ፤ የጋምቤላም ጣቢያ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የመኪና መንገድ እየተስፋፋ ሲሄድ የመርከቡ ንግድ ተዳክሞ ቀረ። ጎሬ የነበረው የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫም ወደ መቱ ተዛወረ።

የተተወ የባቡር መስመር ሐዲዱ ቢነሣ እንኳ ይታወቃል። ባቡር ድንገት መውጣትም ሆነ ድንገት መታጠፍ ስለማይችል፥ የተደለደለው አፈርና ቀስ ብሎ የሚዞረው መስመር ለረጅም ዘመን አይጠፋም። ለገሃር የሄደ ሰው አሮጌውን ጣቢያ ያያል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ለገሃር አይገባም፤ የሚነሣው ከከተማው ዳር ነው። የበቅሎ መንገድ እንደዚህ አይደለም። ሁለት ክረምት ካልተረገጠ ሣርና ቁጥቋጦ ይውጠዋል። ወደ ጋምቤላ ይወርድ የነበረውን መንገድ የሚያውቅልን ካርታ ሳይሆን ሰው ነው። አንድ አዛውንት አባታቸው ቡና ጭነው ወርደው ጨውና አቡጀዲ ይዘው ይመለሱ እንደ ነበረ ነግረውናል። የት የት ያድሩ እንደ ነበረ በጠየቅናቸው ጊዜ ሦስት ሰፈሮችን ቆጠሩ፤ አራተኛው ግን ስሙ ጠፋባቸው። የጋምቤላ ጣቢያ ሲመለስ ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው።

በታሪክ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ካርታ ሰቅለናል። የተሠራውን ሐዲድ በጥቁር ቀለም፥ የመርከቡን መንገድ በሰማያዊ፥ ያልተሠራውን ሦስተኛ ክፍል በእርሳስ አስምረናል። የበቅሎው መንገድ ግን ገና ባዶ ነው። ስለዚህ ከወላጆቻችን መካከል የማደሪያዎቹን ስምና የወንዞቹን መሻገሪያ ከአባቶቻቸው የሰሙ ቢኖሩ፥ ቅዳሜ ጧት ወደ ክፍላችን ብቅ እንዲሉልን በአክብሮት እንለምናለን። እርሳሱን ቀርጸን እንጠብቃለን።