ብዙው ስለ ምን በዛ፣ ጥቂቱስ ስለ ምን አነሰ?

በድሬ ዳዋ ከተማ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር




በደቻቱ አሸዋ ዳርቻ ቆሞ በዙሪያው የበቀሉትን ዕፀዋት አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው ብዙም ሳይቆይ የሚገነዘበው ነገር አለ። ይኸውም ሁለት ወይም ሦስት ዝርያዎች ስፍራውን ሞልተው ሲገኙ፣ የቀሩት ግን እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት ሆነው መታየታቸው ነው። ነገሩ የድሬ ዳዋ ብቻ አይደለም። ኮርቤት የተባለው ተመራማሪ በማላያ የሰበሰባቸው ቢራቢሮዎች እ.ኤ.አ. በ1943 በታተመ ጥናት ሲመረመሩ፣ 118 ዝርያዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ቢራቢሮ ብቻ የተወከሉ ሆኑ፤ ሁለት ሁለት የተገኘላቸው 74፣ ሦስት ሦስት የተገኘላቸው ደግሞ 44 ነበሩ።

በአማርኛችን «ብርቅ» የምንለው ቃል ማነስንና መወደድን ባንድነት ስለሚይዝ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳባችንን ያሳስተዋል። ያነሰ ሁሉ የተወደደ አይደለም፤ ማነስም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ዲቦራ ራቢኖዊትዝ የተባለችው የዕፀዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመችው ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን አቀረበች። ዝርያው የሚገኝበት አገር ምን ያህል ሰፊ ነው? በስንት ዓይነት ስፍራ ሊኖር ይችላል? በተገኘበት ስፍራስ ብዛቱ ስንት ነው? በሦስቱም የበለጸገው ብቻ «ብዙ» ሲባል፣ የቀሩት ሰባት አኳኋኖች ሁሉ የማነስ መንገዶች ናቸው። ከዚህ ወደ ሐረር መውጫ ከምትገኘው ከሀርላ ስሙን ያገኘውን የእሬት ዝርያ ውሰዱ፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በኖራ ድንጋይ ተዳፋት ላይ የሚኖር ነው። በመካከሉ የቆመ ሰው ብርቅ አይለው ይሆናል፤ ካርታ የያዘ ግን ይለዋል።

የበዛውስ? ፕሮሶፒስ በ1970ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን ሲገባ የጎሮ ችግኝ ጣቢያ ከመጀመሪያ ማረፊያዎቹ አንዱ እንደ ነበረ ይጠቀሳል። በዚያን ጊዜ ከአንድ መደብ የማያልፍ እንግዳ ነበር። ዛሬ አፋርን የወረረው ባሕርዩን ለውጦ ሳይሆን ስፍራው ስለ ተመቸው ነው። ፍሬውን ከብቱ ይበላዋል፣ ዘሩም ሳይፈጭ ከእበት ጋር ወጥቶ በሩቅ ይበቅላል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ሥሩም ጥልቅ ውኃ ይደርሳል። ድርቅን እንዲችል የመረጥነው እኛው ስለሆንን፣ በቻለ ጊዜ ልንደነቅ አይገባንም።

ከሁሉ ይልቅ ልናገርበት የምፈልገው ግን ስለ ትንኝ ነው። የወባ አስተላላፊ በመሆን በአገራችን የታወቀው አኖፊለስ አራቢየንሲስ ዝናብ ባቆረው ውኃ የሚራባ በመሆኑ፣ በሽታውም የዝናቡን ወቅት ተከትሎ ሲመጣ ኖሯል። ከእስያ የመጣው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ግን የከተማ ልጅ ነው፤ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ጉድጓድ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በቀብሪ ደሐር ታወቀ። በ2022 መጀመሪያ፣ በደረቁ ወራት በድሬ ዳዋ ወባ በተነሣ ጊዜ፣ በሕሙማን ቤት አካባቢ ከተያዙት ትንኞች አብዛኛዎቹ የእርሱ ዝርያ ሆነው ተገኙ። ውኃ በየቤቱ በሚጠራቀምባት ከተማ በጋው ለእርሱ ክረምት ሆነለት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፕሬስተን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 የጻፈው ትዝ ይለኛል። እንደ እርሱ አባባል፣ ናሙናችን ትንሽ ሲሆን ጥቂት የሆኑት ዝርያዎች ከመጋረጃ ጀርባ ይቀራሉ፤ ናሙናው ሲሰፋ መጋረጃው ይገለጣል። እኔ የምጨምረው፣ መጋረጃው በናሙናው ማነስ ብቻ ሳይሆን በመቁጠሪያው ቦታና ወራት ምርጫም የሚሰፋ መሆኑን ነው። ትንኝ የሚቈጠረው ከዝናብ በኋላ በኩሬ ዳር ብቻ ከሆነ፣ በበጋ በበርሜል ውስጥ የሚራባው በመዝገብ ላይ «አልፎ አልፎ» ተብሎ ይጻፋል፤ በመዝገብ ላይ ያነሰውም በጀት አይመደብለትም። ስለዚህ የአባሎቻችን የሚቀጥለው ዓመት ቈጠራ በጥርና በየካቲት ወራት፣ ከዚሁ ከከተማው ግቢዎች፣ የበርሜሎቹን ክዳን በማንሣት እንዲጀመር ሐሳብ አቀርባለሁ።