ደን ወይስ ኮረብታ?

ከአንበሳሜ ወደ ሐሙሲት ለሚወርድ መንገደኛ፣ እዚህም እዚያም ወይራና ጽድ የከበበው ደብር ይታየዋል። ለእሱ ደን ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ኮረብታ ነው።

ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 1992 ዓ.ም. ለ11 ቀናት ምድርን እየዞረች የየብሱን ከፍታ በራዳር ለካች። ያ ልኬት ዛሬ በግምት 30 በ30 ሜትር በሆኑ ሴሎች ተከፋፍሎ በነፃ ይገኛል። የጉማራን ወንዝ ጎርፍ በሶፍትዌር ሊያሰላ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ራዳሩ ግን ጥቅጥቅ ያለ ደን ሲገጥመው አፈሩ ድረስ አይዘልቅም። ስለዚህ የ4 ሄክታር የደብር ደን ከ40 በላይ ሴሎችን በብዙ ሜትር ከመሬቱ በላይ ይሰቅላቸዋል፤ በሥሩ የሚያልፈው ጅረትም የሌለ ኮረብታ ሊዞር ነው።

እነዚህን ሴሎች አንድ በአንድ ማረም ትልቅ ሙያ ነው፤ የሚገባውን ክብር ግን አላገኘም።

ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ፎገራ ሜዳ ሲደርስ ጭንቁ ይብሳል። ሜዳው ልሙጥ ነው፤ ከፍታው የተመዘገበው ደግሞ በሙሉ ሜትር ነው። አንድ ሜትር የሳተች ሴል ውሃውን ወደ ማን የሩዝ ማሳ ትሰደው ይሆን? በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ይህን ጥያቄ በቀላሉ አያልፈውም።

ሰነፉ ባለሙያ ግን «ፊል» የምትለዋን ትእዛዝ ይጫናል። በልኬቱ ላይ ያለው ጉድጓድ ሁሉ እስከ አፉ ይሞላል፣ ሶፍትዌሩም ዝም ይላል። ከጉድጓዶቹ ገሚሱ የራዳር ስሕተት ነው፤ ይሙላ። የፎገራዎቹ ሸሸርና ወላላስ? ውሃ የሚያቁሩ እውነተኛ ረግረጎች እኮ ናቸው! ሶፍትዌሩ ዝም እንዲል መሙላት ሌላ፣ መሬቱን እንዲመስል ማረም ሌላ። መለያው ምስክር ነው። የተነካች ሴል ሁሉ ማን አየ፣ ማን ለካ ስትባል መልስ ይኑራት። ጂፒኤስ ይሁን፣ የቀያሽ ሜትር ይሁን፣ የአገሬው ሰው ቃል ይሁን፤ ምስክር የሌላት ሴል አትነካ።

የዚህ ወግ አቅራቢ ይህን የተማረው ጉማራ አቅራቢያ ነው። የሠራው የጎርፍ ሞዴል ውሃው ከአንድ መንገድ የአፈር ቁልል ኋላ ይታቆራል ብሎ ነበር፤ እሱም አምኖ ሪፖርቱን ጀምሯል። ማሳቸውን የሚያርሙ አንድ አዛውንት ካርታውን ሲያሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ውሃው መቼ እዚህ ቆሞ ያውቃል? ና ተከተለኝ።»

በዱላቸው ሣሩን ገለጥ ሲያደርጉት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት የሲሚንቶ ቱቦ ብቅ አለ። በዚያው ማታ ሁለት ሴሎች ብቻ እስከ ቱቦው ወለል ዝቅ ተደረጉ፤ በማስታወሻው ኅዳግ ላይም ቀኑና የአዛውንቱ ቃል ሰፈረ። ሞዴሉ እንደገና ሲሰላ ውሃው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጣና ወረደ።